አባባ ባዶ ቤት ገብተው «አትነሱ» ያሉ ቀን

የምነግራችሁ የሆነ ነገር ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ የደረሰ ነው።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው የሆነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ለማንም ብዬ አንዲት ቃል አልቀንስም።

ቀለም ቀቢ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ ነው። የምንኖርበት ቤት አሮጌ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ በሩ በዝናብ ጊዜ አብጦ አልዘጋ ይላል። አብረውን የሚኖሩት አባቴ ግን ቤቱን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። እዚያ ቤት ውስጥ ግን ማንም ሳይመራቸው ከክፍል ክፍል ይሄዳሉ።

ከመንገዱ ማዶ አዲስ ፎቅ ተሠራና ለሰፈሩ ሰው ምርጫ ተሰጠ። አሮጌውን ቤት አስረክቦ አዲሱን መውሰድ፣ ወይም ባለበት መቅረት።

ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ አንዴ ከቆረጠ ቆረጠ ነው። አዲሱን እንውሰድ አለ። እኔም ብሆን ልቤ ተነስቶ ነበር። ደግሞም ፎቁን የምንቀባው እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ነበርን። ለእኛ የተመደበውን የሦስተኛ ፎቅ ቤት ፎርማኑን ለምኜ ብቻዬን ያዝኩት። የራሴን ቤት በራሴ እጅ ልቀባ...

ነገሩ የጀመረው ያን ቀን ነው።

ሥራ ላይ ማንጎራጎር እወዳለሁ። ድምፄ አያምርም፤ ባዶ ቤት ውስጥ ግን ያምራል። ዕቃም ሰውም የሌለበት ክፍል ያስተጋባል። ይህን ቀቢ ሁሉ ያውቀዋል።

ያ ሳሎን ግን አላስተጋባም።

ጮክ አልኩ። አጨበጨብኩ። ድምፄ ከአፌ ወጥቶ እዚያው ቀረ... ሰው ጢም ብሎ የሞላበት ክፍል ውስጥ ያወራሁ መሰለኝ።

ግድግዳው ገና እርጥብ ስለሆነ ይሆናል አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ስመለስ የቀባሁት ግድግዳ ላይ ክብ ክብ እድፍ አገኘሁ።

ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ እያስደገፈ በጊዜ ብዛት የሚተወውን የቅባት እድፍ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱ ነው። ማንም ኖሮበት በማያውቅ ቤት ውስጥ።

በመደዳ ነበር። ሁሉም በተቀመጠ ሰው ቁመት ልክ። ሳሎኑን ዙሪያውን ይዞታል።

በመስኮቱ በኩል ብቻ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበር።

ሁለተኛ እጅ ቀባሁበት። ተመልሶ ወጣ።

ፍቄ፣ በስቱኮ ልስን ሸፍኜ፣ እንደገና ቀባሁት።

ተመልሶ ወጣ...

ፎርማኑን ጠርቼ አሳየሁት። ይህ ሰው ለሚስማር እንኳ ሰፈር የሚያናውጥ ነው። ያን ቀን ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ግድግዳውን አንዴ አየት አድርጎ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«ዝም ብለሽ ቅቢው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምንድን ነው?»

«ቅቢው አልኩሽ... ብቻ ጀርባሽን አትስጫቸው።»

«ለእነማን?»

ፈጥኖ ደረጃውን ወረደ። ከዚያ በኋላ የሚያዘኝ ነገር ሲኖር ከታች ሆኖ ነበር የሚጣራው።

ለምሳ ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኩት። የቀለም ሽታ ናላሽን አዙሮታል ብሎ ሳቀብኝ። ካረጀው ቤት መላቀቅ ጨንቆሽ ሰበብ ትፈልጊያለሽ አለኝ። አብሽቆ ሲያበቃ ደግሞ ዳኝነቱን ለአባባ ሰጠ። ቤቱን ገብተው ይዩት፣ ከተስማማቸው እንወስደዋለን፣ ካልሆነ እንተወዋለን። ምርጫችንን የምናሳውቅበት ቀንም ደርሶ ስለነበር እልህ ይዞኝ እሺ አልኩ።

ግራና ቀኝ ደግፈን ሦስተኛ ፎቅ አወጣናቸው። በሩን ከፈትኩ። ፀሐዩ ሳሎኑን ሞልቶታል። አንድም ዕቃ የለም።

አባባ ደፉ ላይ ቆም አሉ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። እሳቸው ክፍል የሚያዩት በጆሯቸው ነው።

ከዚያ ፈገግ አሉ።

«እንደምን ዋላችሁ?»

ባለቤቴ ሳቀ። «አባባ፣ ማንም የለም እኮ። ባዶ ቤት ነው።»

አባባ የሰሙትም አይመስሉ። እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ... ስለ እኔ አትነሱ።»

የባለቤቴ ሳቅ አፉ ላይ ደረቀ።

አባባ ክንዴን ለቀቁ። ገብተውበት በማያውቁት ቤት፣ ግድግዳ ሳይዳብሱ፣ ሳሎኑን አቋርጠው ሄዱ። የሰው እግር እንዳይረግጡ እየተጠነቀቁ በጎን በጎን ነበር የሚራመዱት። በየመሃሉ «ይቅርታ... ይቅርታ» ይላሉ።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። ጉልበታቸውን አጥፈው ቁጭ አሉ።

ወንበር አልነበረም...

አልወደቁም።

ጭንቅላታቸውን በእፎይታ ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ልክ በዚያች ክፍት ቦታ።

«ቦታ ለቀቁልኝ» አሉ። «ጨዋ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር መኖር አይከብድም።»

ባለቤቴ ደፉ ላይ ደርቆ ቀረ።

እኔም ፈርቻለሁ። ነገር ግን አባቴ፣ ያሳደጉኝ አባቴ፣ ምንም በሌለበት ተቀምጠው እግራቸውን ሲያወዛውዙ ሳይ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተቀየረ። ይህን ቤት ያስዋብኩት እኔ ነኝ። ማን ሆነው ነው የእኔን አባት የሚያስቀምጡብኝ?

ሳሎኑ መሃል ገብቼ ቆምኩ። ጀርባዬን ለግማሾቹ ሰጠሁ። ሆን ብዬ።

«ስሙ» አልኩ። «ቤቱን ውሰዱት። ቀለሙንም ውሰዱት። አባቴን ግን አልሰጥም።»



አንገቴ ላይ ትንፋሽ ተሰማኝ። አልዞርኩም።

«አልሰጥም አልኩ።»

ያኔ ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተጋባ።

አልሰጥም... አልሰጥም...

ባዶ ሆነ ማለት ነው።

አባባ ዘፍ ሊሉ ሲሉ ደርሼ በብብታቸው ያዝኳቸው። ተቆጥተው ነበር።

«ምን ብለሻቸው ነው ልጄ? ሁሉም ተነስተው ወጡ እኮ።»

«ወዴት ሄዱ?» አልኩ።

«እኔ በምን አውቃለሁ? አንቺን ገፋ ገፋ እያደረጉ ነው ያለፉት።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድን አላስታውስም። ባለቤቴ የዚያኑ ዕለት ሄዶ በአሮጌው ቤታችን መቅረታችንን አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀለም ሽታ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

የሰፈሩ ሰው ሳቀብን። አዲስ ቤት ገፍቶ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚቀር እብድ ነው ተባልን። ይበሉ። እኔ ጣሪያችን ላይ ወጥቼ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ያበጠውን በር በአናጺ አስላግኩ። ከዚያ ከፎቁ ላይ ሆኖ የሚያይ ሁሉ እንዲያየው ብዬ በሩን ደማቅ ቀይ ቀባሁት። ቤቴ የት እንደሆነ የምደብቀው ነገር የለኝም። አባባም በለመዱት ቤት እንደ ልባቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ይህን የምጽፍላችሁ ግን ዛሬ ጠዋት በሆነው ነገር ነው።

ለሥራ ልወጣ በሩን ስከፍት ደጃችን ላይ አንድ የእንጨት ወንበር ቆሟል። የእኛ አይደለም። የጎረቤትም አይደለም። ፊቱን ወደ በራችን አዙሯል።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥቶ ክንዴን ያዘ።

«አትንኪው» አለኝ በሹክሹክታ። «ግቢና በሩን እንዝጋ።»

«ደጄ ላይ ነው ያለው» አልኩት።

ክንዴን አስለቅቄ ወጣሁ። ወንበሩን አንስቼ ፊቱን ወደ ፎቁ አዞርኩትና ቁጭ አልኩበት።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መሬቱ በጤዛ ርሷል፣ የወንበሩ እግሮችም ርሰዋል።

መቀመጫው ግን ይሞቅ ነበር... አሁን ሰው ተነስቶ የለቀቀው ወንበር እንደሚሞቀው።

አልተነሳሁም።