ያልተሰካው ቤዝ ጊታር

እኔ ቴፒ ውስጥ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ነው የምሠራው፣ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፣ እና ሰው ሚዛን ፊት ብዙ ከቆመ የሚያምነው ነገር እያነሰ ይሄዳል። ገበሬው «ኩንታል ሙሉ ነው» ይለኛል፣ እሰቅለዋለሁ፣ ሰማንያ አራት ኪሎ ይሆናል፣ ክርክር የለም። ስለዚህ «እገሌ ቤት በሩ ብቻውን ተከፈተ»፣ «እገሊት የሞተ ወንድሟን ገበያ መሀል አየችው» ሲሉኝ ሻዬን ፉት እያልኩ አዳምጥና «ስንት ኪሎ ነበር?» እላለሁ፣ ጓደኞቼ በዚህ በጣም ይናደዱብኛል። አማኝ ነኝ፣ ቸርች ውስጥ ከመዘምራን ጋር ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፣ ግን እግዚአብሔርን ማመንና የሰው ወሬ ማመን ለየቅል ነው። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ አሁን የማወራውን ሌላ ሰው ቢያወራኝ እኔው ራሴ እንደምስቅበት እንድታውቁ ነው። ደግሞ ሌሊትም አልነበረም፣ እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቤዙ። አሥራ አንድ ዓመት የተጫወትኩበት አሮጌ ቤዝ ነበረን፣ አንድ ቀን መጋዘን ወስጄ መዝኜው አምስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ወጣው፣ ለጊታር ይሄ ብዙ ነው፣ እመኑኝ። አንገቱ እንደ ዘነዘና የወፈረ፣ ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀው የተወጠሩ፣ በሙሉ ጉልበት ካልተጫኗቸው የማይታዘዙ፣ ጭንቅላቱ ደግሞ ከሰውነቱ ስለሚከብድ ለአፍታ ለቀቅ ካደረጉት ወደ መሬት የሚደፋ ነገር ነው፣ ስለዚህ ግራ እጄ አንዴ ይደግፈዋል አንዴ ይጫወትበታል። ሁለት ሰዓት አገልግሎ ለወረደ ሰው ትከሻው ላይ ማንጠልጠያው የሰራው ቀይ መስመር እስከ ማክሰኞ አይጠፋም። በኋላ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና ከእሷ ቀጥላ ያለችው፣ መደንዘዝ ጀመሩ፣ ሐኪሙም «ነርቭ ነው፣ ወይ ክብደቱን ተው ወይ ጣቶችህን ተዋቸው» አለኝ።

ከዚያ መዘምራኑ አዲስ ቤዝ ከአዲስ አበባ አስመጡልኝ። ሦስት ኪሎ እንኳን አይሞላም፣ አንገቱ ቀጭን፣ ክሮቹ ዝቅ ያሉ፣ ጣት ገና ሲያርፍበት ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። ሁሉም «ተሻለ» አሉ፣ እኔም «ተሻለ» አልኩ፣ እውነትም ተሽሎ ነበር። ግን ደስ ሊለኝ ሲገባ ምንም አላለኝም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ እንዳልል ብብቴም ውስጥ ምንም አልነበረም፣ ምንም የማይለኝ ከሆንኩ ቆይቻለሁ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሴት ልጅ ወልደን ነበር፣ አራት ቀን ቆይታ ሞተች። እኛ ቤት ስም የሚያወጣው አባት ነው፣ እኔም ተረጋግቼ አስብበታለሁ ብዬ እሁድን እየጠበቅኩ ነበር፣ እሷ ሐሙስ አረፈች፣ አርብ ቀበርናት፣ እሁድ ቆሜ ቤዝ ተጫወትኩ። ሰው «እንዴት ያለ ጽናት ነው!» አለኝ። ጽናት አልነበረም፣ የሚመጣውን ነገር እየጠበቅኩ ነበር፣ ግን አልመጣም። ባለቤቴ መሠረት ከእኔ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ስም አውጣላት፣ ስም የሌላትን ልጅ ምን ብዬ ላልቅስላት?» ትለኝ ነበር። ሞክሬ ነበር። የማስባቸው ስሞች ሁሉ ክፍል ውስጥ እንደሚጠራ የተማሪ ስም ሆኑብኝ፣ «ቆይ» አልኳት፣ «ቆይ» እያልኩ ሁለት ዓመት ሆነ። በመጨረሻ መጠየቁን ተወችው፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ጀመረች፣ ልክ አዲሱ ቤዝ የመጣ ሰሞን ደግሞ ሽንኩርት እየላጠች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ክረምቱ ሲገባ ሚዛን ተፈሪ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፣ የምመለስም አይመስለኝም» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እሺ» ነው ያልኩት።

አሮጌው ቤዝ እንዳይጣል የቸርቹ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከቴፒ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ላለ ለአንድ ገጠር ጸሎት ቤት እንዲሰጥ ወሰኑ። ስሙን አልጠቅስም፣ ከዋናው መንገድ ወርዶ በቡናና በኮረሪማ ውስጥ አርባ ደቂቃ የሚያስኬድ ቦታ ነው። ጋሽ ታደሰ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ቤዙ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩበት፣ ሁሉም አሜን አለ፣ እዚያ ግን መብራት የለም። ከመንገዱ ወዲያ አንድም የመብራት ምሰሶ አልተተከለም፣ ቤዝ ጊታር ደግሞ ያለ መብራት እንጨት ነው። ይሄን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድም ያሰበ አልነበረም፣ እኔ አስቤ ነበር፣ መናገር ግን ደከመኝ።

ሦስት ወር ቆይቶ የዚያ ጸሎት ቤት ወንጌላዊ፣ ዮሐንስ የሚባል፣ ስልክ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ ጌታ ይባርካችሁ፣ ቤዙ እኮ ጉባኤውን ቀየረው!»

«መብራት ገባላችሁ እንዴ?»

«ኧረ የት ተገኝቶ!»

«ጀኔሬተር ነው?»

«የለንም።»

«ታዲያ በምን ይሰማል?»

«እሱን እኛም አልጠየቅንም» አለኝ። ከዚያ ቤዙን የያዘው አቶ በቀለ የሚባል ገበሬ እንደሆነ፣ አንድ እሁድ መጥቼ አንዳንድ ነገር ባሳየው ደስ እንደሚላቸው ነገረኝ። እየቀለደብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ግን እሺ አልኩ፣ ያን ጊዜ ለሁሉም ነገር እሺ ነበር የምለው። መሠረትም «እኔም እመጣለሁ፣ ኮረሪማ ከዚያ ብገዛ ይሻላል» አለችና የጓደኛዬን ሞተር ተውሰን ሄድን፣ መንገዱን ሙሉ ወገቤን ሳትይዝ የኋላውን ብረት ይዛ ነው የተጓዘችው።

ጸሎት ቤቱ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ወንበሩ የተፈለጠ ግንድ። ቤዙ አቶ በቀለ ደረት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ የሚሰካበት ነገር የለማ። ሳይጀምሩ ተቀብዬው ፊትና ኋላውን አገላብጬ አየሁት፣ አሥራ አንድ ዓመት የማውቀው ያው ዕቃዬ ነው፣ ባትሪ የሚባል ነገር የሚገባበት ቀዳዳ እንኳን የለውም።

መዝሙር ተጀመረ። እኔ የሚሰማኝ ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ የሰዉ ድምፅና የአቶ በቀለ ጣት ክሩን ሲነካ የሚያወጣው ጠክ ጠክ ነው። በልቤ «ምስኪኖች፣ ደስ ብሏቸው ነው» እያልኩ ሳለ ከበሮው አረፈ፣ ሰውም ዝግ ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ፣ ያኔ ከራሴ በላይ ያለው ቆርቆሮ ዝዝዝ ሲል ሰማሁ። አቶ በቀለ ጣቱን ሲያነሳ ቆርቆሮው ዝም ይላል፣ ሲጫን ዝዝዝ ይላል። መድረኩ ላይ ባለው ጠረጴዛ ለወንጌላዊው የተቀመጠው ውሃ በብርጭቆው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ ነው፣ ጠረጴዛው ነው አልኩ። ከዚያ አቶ በቀለ አንድ ቦታ ላይ ተሳሳተ፣ ጣቱ የት እንዳረፈ አይቻለሁ፣ ማረፍ የሌለበት ቦታ ላይ ነው ያረፈው፣ እና የሴቶቹ ወንበር ሙሉውን ፊቱን አጨማደደ፣ ልጅ ያዘለች አንዷም «ኧረ በቄ!» ብላ ሳቀች። እስቲ አስቡት፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ስህተት እነሱ በጆሯቸው ሰሙት።

አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ቤዙ ይሰማዎታል?» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ጆሮህን ታመሃል እንዴ?» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁ፣ በኋላ ቤቴ በማዳመጫ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ነው ያለበት። መሠረትን ዞር ብዬ አየኋት፣ የፕላስቲክ ጫማዋ መሬቱን ይመታል፣ ከበሮውን እየተከተለች ግን አልነበረም፣ ቤዝ በሚገባበት ቦታ ላይ ነው እግሯ የሚያርፈው።

ከዚያ ወንጌላዊ ዮሐንስ ወደ ፊት ጠራኝ። አሮጌውን ቤዝ አነገትኩት፣ ማንጠልጠያው የድሮ ቦታውን ወዲያው አገኘው፣ አንገቱ እንደ ልማዱ ሊደፋ ሲል ያዝኩት፣ ሁለቱ ጣቶቼ ደነዘዙ። ቀስ ያለ መዝሙር ጀመርኩላቸው። የተለየ ነገር አስቤ እንዳይመስላችሁ፣ የሞተሩ ቤንዚን እስከ ቴፒ ይበቃን ይሆን እያልኩ ነበር፣ ስለ ልጅቷ ፈጽሞ አላሰብኩም። ጠክ ጠክ ይላል። ትንሽ እንደሄድኩ መዘመራቸውን አቆሙ። ከበሮ መቺውም እጁን አነሳ። እኔ መቼ ማቆም እንዳለብኝ ስላላወቅኩ ቀጠልኩ፣ ቆርቆሮው ብቻ ከላይ ዝዝዝ ይላል፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል፣ ወንዶቹ ሳይቀሩ በመዳፋቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት ተነስተው መጡና የቤዙን አንገት ከእጄ ጋር አብረው ያዙት፣ በሸኮ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩኝ። ወንጌላዊው ተረጎመልኝ።

«ልጅቷ ሰምታለች፣ ይበቃሃል ነው የሚሉህ።»

እዚያ ላለ ለአንድም ሰው ስለ ልጅ አልነገርኩም፣ መሠረትም እንዳልነገረች በኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እሷን በዓይኔ ስፈልጋት ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ጮክ ብላ ታለቅሳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር።

ስንመለስ ወገቤን ይዛ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አስደገፈች። መንገዱን የምታቋርጥ ትንሽ ወንዝ ጋ ስንደርስ «አቁም እስቲ» አለችኝ፣ ወረድን፣ ፊቷን ታጠበች።

«ለካ አንተም አዝነህ ነበር» አለችኝ።

እኔ ሞተሩን ደግፌ ቆሜያለሁ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠላሁህ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ሰማሁህ። ስሟ ደግሞ...» አለችና ፈገግ አለች፣ ፈገግታዋን ረስቼው ነበር፣ «ስሟ እንዴት ያምራል! ከየት አመጣኸው?»

አንድ ነገር መናገር የሚቻለኝ ያኔ ነበር። «ምንም አልሰማሁም፣ ምንም ስም አልጠራሁም» ማለት እችል ነበር፣ ግን ፊቷን ሳይ አልቻልኩም። «እንዲሁ መጣልኝ» አልኳት።

ክረምቱ ገባ፣ እህቷ ጋ አልሄደችም። ማታ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ትተኛለች፣ ወጥ ቤት ሆና ከልጅቷ ጋር ስታወራ እሰማለሁ፣ ስገባ ዝም ትላለች። ስሟን እኔ ፊት አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም፣ «አንተ ስትጠራት ነው ደስ የሚለኝ፣ እንደዚያ ቀን አንዴ ጥራልኝ» ትለኛለች፣ እኔም ራሴን አመመኝ እላለሁ፣ ውጭ ሰው ይጠብቀኛል እላለሁ። ብቻዬን ሁለት ጊዜ ወደዚያ ጸሎት ቤት ተመልሼ ወንጌላዊውን «ያን ቀን የሰማችሁት ስም ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት፣ በመገረም አየኝና «እኛ የሰማነው ለቅሶውን ነው ወንድሜ፣ ስሙ ለእናቷ የተባለ ነው» አለኝ። ቤዙን ተቀብዬ ደጋግሜ ተጫወትኩ። ጠክ ጠክ ብቻ ነው።

ቸርች አዲሱን ቤዝ እጫወታለሁ፣ ጣቶቼ ድነዋል፣ ትከሻዬም ደህና ነው። ሁለት ዓመት ምንም ያልተሰማኝ ሰውዬ አሁን አንድ ነገር ይሰማኛል፣ እሱም ፍርሃት ነው። መሠረት ባለፈው ሳምንት ለልጅቷ መቃብር ድንጋይ አሠራች፣ ግንበኛው ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሲጠይቃት «አባቷ ይነግርሃል» አለችው። እንዲሁ አንድ ስም ፈጥሬ ብጽፍስ ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ትክክለኛውን እሷ ታውቀዋለች፣ ያየች ዕለት ያቺ የወንዝ ዳር ፈገግታ ምን እንደምትሆን እግዚአብሔር ይወቅ። «እንዳይሳሳት በወረቀት ጻፍለት» ብላ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኛለች። ግንበኛው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል።