ዝገቱ የተነሣለት ጦር

ዊልፍሬድ ጋርናም በጓሮ መሥሪያ ክፍሉ ወለል ላይ ተደፍቷል፤ ራሱን ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ፈንክቶታል። ከበላዩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመሬት የወጣ የሺህ ዓመት ጦር ሰም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ኢንስፔክተር ሙሪኤል አስኪው ሬሳውን ትታ ጦሩ ላይ አፈጠጠች።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«የወደቀው ከቀትር ጥቂት አልፎ፣ የሞተው ግን ከወደቀ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ» አለ ኮንስታብሉ። «በቀትር ልጁ ሄስተር ስትጮህበት ጎረቤት ሰምቷል። አለቃ ዛሬውኑ ትታሰር ብለዋል።»

ሄስተር ወጥ ቤት ተቀምጣ ነበር።

«ብትሞት አልቀብርህም ብዬዋለሁ፤ አልክድም» አለች። «እናቴ ስታጣጥር እንኳ ብረት መፈለጊያውን ይዞ ማሳ ለማሳ ሲዞር ነበር። ግን አልነካሁትም።»

«ጦሩንስ?»

«ያንን ዝገት? እጄ ቢገባ ቦይ ውስጥ ነበር የምወረውረው!»

ኢንስፔክተሯ ወደ ኮንስታብሉ ዞረች። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አልወድም። ቀጣዩን ጥራልኝ።»

ቀጣዩ ገበሬው ራድኪን ነበር፤ ሟች የሚቆፍረው በእሱ መሬት ነው።

«ጦሩ ከእኔ መሬት የወጣ አይደለም» አለ። «እሱና ጓደኛው ቁፋሮ ከተከለከለበት የጥንት መቃብር ጉብታ ነው ያወጡት። ያስከስሳል። ዊልፍሬድ ሕሊናው እረፍት ነስቶት ለቅርስ ጥበቃ ቢሮው ሊናገር ቆርጦ ነበር።»

«እርስዎ አሮጌ ብረት ሲያገኙ ምን ያደርጉታል?»

«የተቃጠለ ዘይት አፈስበታለሁ። ዊልፍሬድ አይቶኝ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።»

መጨረሻ መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ የቀረበው አንሰል ተርትል የሟች የሃያ ዓመት የቁፋሮ ጓደኛ ነው፤ ሬሳውንም ያገኘው እሱ ነው።

«ስገባ ሞቶ ነበር። አንዳች አልነካሁም» አለ። ወዲያው ኮንስታብሉ እጁን ወደ ጦሩ ሲዘረጋ ጮኸ። «በባዶ እጅህ አትንካው! ላብ ይበላዋል!»

አመሻሹ ላይ ሙሪኤል ሦስቱንም በጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«የዊልፍሬድ ደብተር ጦሩ ዛሬ በቀትር ዝገት ከሚያነሣው የኤሌክትሪክ ገንዳ ወጥቶ ታጠበ ይላል። እንዲህ ያለ ብረት እርጥቡን ከተተወ ዓይን እያየው መልሶ ይዝጋል። በቀስታ በሙቀት መድረቅ፣ ከዚያ የቀለጠ ሰም መቀባት አለበት። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። አሁን ጠረጴዛውን እዩት። የዊልፍሬድ ደም ተረጭቶበታል፤ የሰሙ ጠብታ ያረፈው ግን ከደሙ በላይ ነው።»

ከደሙ ላይ ያረፈውን ጠብታ በጣቷ አሳየቻቸው።

«ስለዚህ ሰውየው ወድቆ ሳለ አንድ ሰው እዚህ ቆሞ ጦር ሲያደርቅና ሰም ሲያቀልጥ ነበር። ሄስተር ብትሆን ትጥለው ነበር። ራድኪን ቢሆን ዘይት ያፈስበት ነበር። በሚሞት ሰው ፊት ለብረት የሳሳው እርስዎ ነዎት፣ አቶ ተርትል።»

አንሰል አላፈረም። «የሃያ ዓመት ስብስቤን ሊያስወርስብኝ ነበር፤ ገፋሁት። ልወጣ ስል ጦሩ መቅላት ጀመረ። ምን ላድርግ፣ ይበላሽ?»

«ሰውየው በሕይወት ነበር እኮ!» አለ ራድኪን። «ስልኩ ከአጠገብህ!»

«እጄ ሰም ይዞ ነበር።»

ሄስተር ወደ አንሰል ቀረበች። «አባዬ የተናገረው ነገር ነበር?»

«አንቺን ጠራ» አለ አንሰል፣ ስለ አየር ጠባይ የተጠየቀ ይመስል። «ደጋግሞ ጠራ፤ ሥራ አላሠራ አለኝ። ‹ጥላህ ሄዳለች፣ አትመጣም› ስለው ዝም አለ።»

እጁን በካቴና አስረው ወሰዱት። ሄስተር ነፃ ነሽ ብትባልም አባቷ ከወደቀበት ወለል ላይ ደግፎ የሚያነሣት ሰው አስፈለጋት።