የመሪጌታ ዓለሙ ግራ እጅ

ይህ የሆነ ነገር ነው። የነገረችኝ በታሪኩ ከሞቱት የአንዱ የሥጋ ዘመድ ናት፤ እኔ ከራሴ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። የማያምን ሰው እዚህ ላይ ይተወው፣ አልቀየመውም።

ዘመኑ የጣልያን ጊዜ ነው። ቦታው ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን። ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ...

ቀትር ነው። ልክ ስድስት ሰዓት።

የቆላን ቀትር የማያውቅ ሰው ጨለማን ብቻ ይፈራል። በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳን አይጮህም። ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። ደጅ የሚቀረው ወይ እብድ ነው፣ ወይ ደግሞ...

ይቅር።

ታከለ የከበሮ ተማሪ ነበር። ቀኝ እጁ ጎበዝ ነው፤ የከበሮውን ትልቁን አፍ ሲመታ ደስ ያሰኛል። ግራው ግን አይረባም። ትንሹን አፍ ለመምታት ሁልጊዜ ቀኙን ይጠብቃል።

መምህሩ መሪጌታ ዓለሙ ደግሞ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረባቸውም። ቀኝ እጁን በጠፍር ከወገቡ ጋር ያስሩና፣ በግራው ብቻ ጉልበቱን እንዲመታ ያደርጉታል። በግራ እጁ ጀርባ ላይ ጠፍጣፋ ጠጠር ያስቀምጡበታል። ጠጠሩ ከወደቀ ልምጭ ነው። ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

"የኔታ፣ በቃኝ... ጣቴ አበጠ።"

ያን ጊዜ ግራ መዳፋቸውን በእጁ ላይ ያሳርፋሉ። በእሱ እጅ ላይ ሆነው ራሳቸው ይመታሉ።

"እጅ የሚማረው ከእጅ ነው" ይሉታል። "ዝም ብለህ ተሸከመኝ።"

ታከለ ያላወቀው አንድ ነገር ነበር። መንገድ ዳር የሰፈረው ጣልያን የተማሪ ከበሮ ጆሮው ለምዶታል፤ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። መሪጌታ ግን በዚያ ልምምድ ጫካ ካሉት አርበኞች ጋር ይነጋገሩ ነበር። የቀኝ እጅ ልምምድ፣ ማለትም የትልቁ አፍ ወፍራም ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ ባንዳ አለ፣ አትምጡ ማለት ነው። የግራ እጅ ልምምድ፣ የትንሹ አፍ ቀጭን ድምፅ ከተሰማ ደግሞ መንገዱ ሰላም ነው፣ ወርዳችሁ ስንቃችሁን ውሰዱ ማለት ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መሪጌታ ወደ ወንዝ ወረዱ። ታከለ ብቻውን ቀረ። ሲመለሱ ላስደስታቸው ብሎ ከበሮውን አነገተና በግራው መለማመድ ጀመረ።

አርበኞቹ ሰሙ። ወረዱ።

ባንዳ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ማሽላ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቅ ነበር።

የተረፉት ጥቂት ናቸው። ከተረፉት አንዱ አለቃቸው ንጉሤ ነው፤ የታከለ ሚስት የሐረገወይን ወንድም። እናትም አባትም ለሌላት ለሐረገወይን ያለው እሱ ብቻ ነው።

ንጉሤ በማግስቱ መጣ። መሪጌታን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር አቁሞ፣ በዚያው በገዛ ጠፍራቸው እጃቸውን አሰረ።

"የግራውን ሰምተን ነው የወረድነው" አላቸው። "ለምን ሸጡን?"

ታከለ ያን ጊዜ ገባው። ያስጨረሳቸው እሱ ነው።

መሪጌታ ታከለን ብቻ አዩት። ታከለ አፉን ከፈተ... መልሶ ዘጋው። ቢናገር ዛፉ ሥር የሚቆመው እሱ ነው። ፈሪ ነበር፤ ላሳምርለት ብል ውሸት ይሆንብኛል።

"ተማሪዬን ልሰናበተው" አሉ መሪጌታ።

የታሰሩ እጆቻቸውን ዘረጉ። ግራ መዳፋቸውን በግራ እጁ ላይ አሳረፉ። በዚያ ሐሩር መዳፋቸው ቀዝቃዛ ነበር።

"አሁን ለመድክ" አሉት በሹክሹክታ።

ንጉሤ ተኮሰ።

ከዚያ በኋላ ከበሮው ለታከለ ተላለፈ። ምልክቱንም ንጉሤ ነገረው። ስንቁን የምታሰናዳው ሐረገወይን ስለሆነች እሷም ምልክቱን ታውቃለች።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ትንሽ ነበር። ምሳ ሲበላ ቀኙ ይጎርሳል፣ ግራው ጉልበቱን ይመታል።

ሐረገወይን ሳቀች። "ምነው በሕይወት ሳሉ እንዲህ በለመድክላቸው።"

ቀጥሎ በግራ አንጓው ዙሪያ ቀይ መስመር ወጣ። ጠፍር ያሰረው ይመስላል። ቅቤ ቀባችው፤ አልጠፋም።

ቀጥሎ ጠዋት ሲነሳ በግራ እጁ ጀርባ ላይ ጠጠር አገኘ። ጠፍጣፋ ጠጠር።

"አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽብኝ?"

"እኔ ምን አግብቶኝ?"

እጁን አራገፈ... ጠጠሩ አልወደቀም። በቀኙ አንስቶ ወረወረው። ስለ ጠጠሩ ሁለተኛ አላነሱም።

ንጉሤ የሚወርድበት ቀን ደረሰ። ሐረገወይን በሶውን አቁማዳ ውስጥ ጠቅጥቃ አስራ ጨረሰች።

"ታከለ... ወንድሜን አደራ።"

"ምን ነካሽ? የኔስ ወንድም አይደል?"

ቀትር ሆነ። ታከለ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ማሽላውን ሲቃኝ አገዳው ተነቃነቀ። ነፋስ የለም። አንድ አፈሙዝ በፀሐይ ብልጭ አለ።

ባንዳ ነው።

ከበሮውን አንግቶ በቀኙ መታ። አትምጡ... አትምጡ...

ግራው መለሰ።

ቀኙን ግራው ላይ ጫነው። ግራው ከሥሩ ሾልኮ ወጣ። በጥርሱ ነከሰው። ደሙ እስከ ክርኑ ወረደ፤ እጁ ግን ምቱን አልሳተም። ከበሮውን ከአንገቱ ሊያወልቅ ፈለገ... ቀኝ እጁ ወገቡ ላይ ተጣብቆ አልነሳ አለ። የታሰረ ያህል።

በግራ እጁ ጀርባ ላይ ጠጠሩ ተቀምጧል። እጁ ይነሳል፣ ይወድቃል... ጠጠሩ አይወድቅም።

ሊጮህ አፉን ከፈተ። ያን ቀን ዛፉ ሥር እንደሆነው ሁሉ ቃል አልወጣውም።

ንጉሤ ከጫካው ወጣ። ዘና ብሎ ነው የሚራመደው፤ መንገዱ ሰላም ነው ተብሏላ። ቁርቁራው ሥር ሲደርስ ለታከለ እጁን አነሳለት።

ከበሮው ዝም ያለው ከተኩሱ በኋላ ነው።

የንጉሤን ሬሳ ባንዳ ወስዶ መንገድ ዳር ሰቀለው። እንዲቀብሩት አልተፈቀደም። ለቀስተኛው በፍርሃት ቶሎ ቶሎ ተበተነ፤ ባልና ሚስቱ ብቻ ቀሩ። ሐረገወይን ፊቷን ነጭታለች፤ ድምፅዋም ተዘግቷል።

"ማነው የመታው?" አለች።

"እኔ በቀኜ ነው የመታሁት።"

"የግራውን ሰምቻለሁ።"

"ሐረግ..."

"ማነው?"

ታከለ እንባዋ ሲወርድ አየ። አጠገቧ ተቀመጠና፣ ጉልበቷ ላይ ባለው ግራ እጇ ላይ ግራ እጁን አሳረፈ። ባል ሚስቱን እንዲህ ነው የሚያጽናናው፤ ሌላ ያሰበው ነገር የለም።

እጁ በእጇ ላይ መምታት ጀመረ... በቀስታ።

መንገዱ ሰላም ነው... ውረዱ...

ሐረገወይን ማልቀሷን አቆመች። ቀና ብላ አየችው።

"አንተ ነህ" አለች።

ታከለ እጁን መንጭቆ አነሳ። ያን ጊዜ እጁ ቀለለው፤ የራሱ ሆኖ ተሰማው። ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። አንጓው ላይ የነበረው ቀይ መስመር ጠፍቷል። ተመስገን ሊል ነበር።

ምቱ ግን አልቆመም።

ዝቅ ብሎ ተመለከተ። የሐረገወይን ግራ እጅ የገዛ ጉልበቷን ይመታል። እሷ እጇን አታየውም። ዓይኗን ሳትነቅል የምታየው እሱን ነው።

ደጁ ቀትር ነው። ውሻ እንኳን አይጮህም።

በእጇ ጀርባ ላይ ጠፍጣፋ ጠጠር አለ። አልወደቀም።