ባዶው የዝናብ መለኪያ

የዝናብ ጥናት ክፍሉ ኃላፊ ከቢሮው ሕንፃ ሥር ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ልብሱ በዝናብ በስብሷል፤ ሬሳው ሲነሳ ግን ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነበር። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሲሚንቶውን በእጇ ዳሰሰች።

ሰማዩ እንደገና እየጠቆረ ስለሆነ የሚረጋጋ ሰው አልነበረም። ሟቹ በዚያን ቀን ሊናገር ያሰበውን ሁሉም ያውቃል፦ የዓመቱ ዝናብ መጠን ያው የድሮው ቢሆንም፣ አሁን አሁን በጥቂት ቀን ተጠራቅሞ ስለሚወርድ አዲሱ የጎርፍ ቦይ የታችኛውን ሰፈር አያድንም። ይህን ሳይናገር ሞተ።

«አባባ፣ የዝናብ መለኪያው ያለበት ጣሪያ ላይ ወጥተው ነበር?» አለችው ዘበኛውን።

«ኧረ እኔን ከፍታ ያዞረኛል! ማታ የኃላፊው ባለቤት መጥተው ሲጮሁባቸው ሰምቻለሁ። ከሄዱ በኋላማ... እውነቱን ልንገርዎ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

የሟቹ ሚስት ዓይኗን ጠረገች። «አዎ፣ ጮኼበታለሁ። ቤቱን ረስቶ ዝናብ ያገባ ሰው ነበር። ብወደው አይደል የምቆጣው?»

የሟቹ ምክትል ተራው ሲደርስ ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ጀመር። «እኔ በጊዜ ወጥቻለሁ። ጠዋት ሲደወልልኝ ነው የመጣሁት፤ ጣሪያውንም አልረገጥኩም።»

«ለመሆኑ ሌሊት ምን ያህል ዘነበ?»

«አርባ ሁለት ሚሊ ሜትር» አለ ሳያቅማማ።

መርማሪዋ ጣሪያው ላይ ወጥታ፣ ወርዳ፣ ስልክ ደውላ ሦስቱንም አንድ ክፍል ሰበሰበች።

«ሲሚንቶው ደረቅ ነው፤ ሰውየው የወደቀው ሳይዘንብ ነው ማለት ነው። ከዚያ ዘነበ። መለኪያው ግን ባዶ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ሰው ውሃውን ለክቶ ደፍቶታል። ባሏን የገፋች ሚስት ዝናብ ስትለካ አትቆይም፤ ዘበኛም እንዲሁ። አርባ ሁለቱን ከየት አመጡት ጌታዬ?»

«ከ... ከአየር ማረፊያው መለኪያ።»

«ደውዬ ነበር። እዚያ ጠብ አላለም። የዚህ ከተማ ዝናብ አንዱን ሰፈር አጥቦ ሌላውን እንደሚዘል እርስዎ አጡት? ቦዩ በአማካይ ዝናብ ልክ እንዲሠራ የፈረሙትም እርስዎ ነዎት። ገድለውም መለካት አልተዉም፤ አመል ያወጣል ከመሐል ይባል የለ።»

ምክትሉ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ዝም በልልኝ ብዬ ለመንኩት። እንቢ ሲለኝ ገፋሁት። ከዚያ የጣሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ሲያባራ እጄ በልማድ ወደ መለኪያው ሄደ። ካልተደፋ የሚቀጥለው ልኬት ይበላሻል።»

ውጭ ነጎድጓድ አጉረመረመ። ሚስቱ ትሰድበዋለች ብለው ሲጠብቁ ተጠጋችው።

«እህቴ ከነልጆቿ ታችኛው ሰፈር ናት። እሱን ነጥቀኸኛል፤ አንተ ንገረኝ። ቦዩ ይችለዋል?»

ምክትሉ በመስኮቱ የጠቆረውን ሰማይ አየ። የሚጠቅሰው ቁጥር አልነበረውም።

«አይችለውም። አሁኑኑ አስወጧቸው።»

መርማሪዋ ካቴናውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ስልኩን አነሳች።