ከቮልሷ ወለል የወጣው አዞ

እማዬ ትሙት፣ ውሸት የለበትም፤ አዞው የወጣው ከቮልሷ ወለል ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ሲቀላ ሰፈር መሃል፣ ኢስሃቅ ጋራዥ ውስጥ። ከትምህርት ቤት ቶሎ ብፋታም አዞና እንሽላሊት መለየት አያቅተኝም።

መጀመሪያ የመጣው ጥርሱ ነው። የኢስሃቅ የእህት ልጅ ሳላዲን ቮልሷ ውስጥ ተንበርክኮ አዲሱን ላሜራ ከአሮጌው ወለል ጠርዝ ጋር እየበየደ ነበር። እሳቱ ባለፈበት ሁሉ ላሜራው ላይ የተቀባው ቡናማ የዝገት መከላከያ ቀለም ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ከተላጠው ስር አንድ ነጭ ነገር ታየ። ጥርስ! አጠገቡ ሌላ ጥርስ። ሳላዲን የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፤ አረንጓዴ መንጋጋ ወጣ። አሁንም ፈተገ። ከመንጋጋው ጎን በቀይ ቀለም «ተጠን» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ።

ቀሪውን ለማንበብ መፈተግ አላስፈለገውም። ያንን ሰሌዳ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎቹ ዓሣ ከሚያራግፉበት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሸምበቆው ጋ የቆመው ነው፦ «ተጠንቀቁ! አዞ አለ።»

ቮልሷ የሳላዲን አያት መኪና ነበረች። አያቱ ዓሣ ነጋዴ ስለነበሩ የኋላ ወንበሯን አውጥተው ከጫሞ ወደ ገበያ በበረዶ የታሸገ ዓሣ ያመላልሱባት ነበር። በረዶው እየቀለጠ ወለሏን በላው። አንድ ቀን አያቱ ፍሬን ያዝኩ ብለው አስፋልት ረገጡ፤ ተረከዛቸው እየጨሰ እስከ ቤት ድረስ ነዱ። ከዚያ በኋላ ቮልሷ ማንጎው ዛፍ ስር ቆመች። ሳላዲንንና ታላቅ እህቱን ኢኽላስን ያሳደገቻቸው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ኢኽላስ ሹፌር፣ እሱ ተሳፋሪ፤ አንድ ቀን ጨንቻ፣ አንድ ቀን ሞያሌ፣ ጎማ በሌላት መኪና ያልሄዱበት የለም። «ሳገባ በዚህች ነው የምወጣው» ብላ የማለችውም ያኔ ነው።

አሁን እሁድ ልታገባ ነው። ቃሏን አልረሳችም።

ጎማ ገጥሞ፣ ወደ ጋራዡ ወስዶ ሞተሩን ያስነሳው የእናታቸው ወንድም ኢስሃቅ ነው። ኢስሃቅ ብየዳ ሲያስተምር ከመናገር መትፋት ይቀለዋል፤ ሳላዲንን ግን ጠርቶ «ወለሉ ያንተ ነው። እኔ አላየውም፤ ስትጨርስ ጥራኝ» አለው። እስከዚያ ቀን ሳላዲን የበየደው የሰው አጥርና የተሰበረ ወንበር ብቻ ነበር። አሁን ኢስሃቅ ደጅ ሆኖ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫዋን፣ እየሠራ ነው። የውሃ ቧንቧ በደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ፣ ሁለቱን ጫፍ ወትፎ፣ በእሳት እያጋለ ያጥፋል። አሸዋ ከሌለው ቧንቧው ሲታጠፍ እንደተረገጠ ጣሳ ይጨማደዳል።

«ባርኮት!» አለ ሳላዲን ድምፁን ቀንሶ።

ባርኮት የክፍል ጓደኛው ነው። በሩ ላይ ተደግፎ ሙዝ ይበላል። «አቤት ኢንጂነር!»

«ና። ይሄ ምንድን ነው?»

ባርኮት ጎንበስ ብሎ አየ። ማኘኩን አቆመ። «እንሽላሊት?»

«ባርኮት!»

«እሺ በቃ! ሰሌዳው ተንጋዶ ነበር ባክህ። አንዱ እግሩ በስብሷል።»

«‹አባቴ ለግቢ በር ገዝቶ የተረፈው ነው› አላልከኝም?»

«ታዲያ ምን ልበል? ወፍራም ላሜራ ጠፋ ብለህ ፊትህ እንደ ማርሚታ ጠቁሮ ነበራ! ደግሞ አዞው እዚያ እንዳለ ማን የማያውቅ አለ? አዞው ራሱ ያውቃል።»

ሳላዲን ሊስቅ ነበር፤ ተወው። «ከሌላ አገር የመጣ ሰውስ? ልጅስ?»

ባርኮት የሙዙን ልጣጭ አገላበጠ። ከዚያ «ምንጣፍ ይለብስበታል» አለ ቀስ ብሎ። «ማንም አያይም፣ ሳላ።»

እውነቱን ነው። ማንም አያይም። ሳላዲን ብየዳውን ተመለከተ። እንደ ዶርዜ ሸማ ጥለት ቀጥ ያለ ነው፤ በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ በይዶ አያውቅም። ሌላ ላሜራ ደግሞ እስከ እሁድ ከየት ይመጣል?

በዚህ መሃል የኢኽላስ ድምፅ ከበሩ ተሰማ። ሳላዲን አንድ ጆንያ አንስቶ አዞው ላይ ጣለ። እሷ ምሳቸውን ለባርኮት አስይዛ ቀጥታ ሹፌሩ ወንበር ላይ ገባች፤ እጇ ገና ሂና አልነካውም። ወለሉን በእግሯ መታችው። ደግማ መታችው።

«ያ ረቢ! ሳላ፣ ወለል አላት!»

«አላት» አለ ሳላዲን። ጆንያው ከእግሯ ስር እንዳይንሸራተት በዓይኑ ይዞታል።

«ያኔ ‹እግርህን ሰብስብ፣ በቀዳዳው እባብ ይገባል› ስልህ ትዝ ይልሃል?»

«እባብ አልነበረም እኮ።»

«ጊንጥ ነበር! ያየሁት እኔ ነኝ። ብነግርህ ዘለህ ትወርድና ትረግጠው ነበር፤ ለዚህ ነው እባብ ያልኩህ።» መሪውን ሁለቴ አዟዟረችና ሳቀች። «ደግነቱ አንተ ያልኩህን ታምን ነበር።»

ጭንቅላቱን እንደ ሕፃን ደባብሳው ሄደች።

ሳላዲን ጆንያውን አንስቶ ወረወረና መቁረጫ ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰካው።

«አበድክ?» አለ ባርኮት። «እህትህ አሁን እኮ እዚህ ላይ…»

«ጫፉን ያዝልኝ። እንዳይጎብጥ።»

ማሽኑ ጮኸ። ያ እንደ ጥለት ቀጥ ያለ ብየዳ በእሳት ፍንጣሪ መሃል ለሁለት ተሰነጠቀ። ኢስሃቅ ጩኸቱን ሰምቶ ገባ። አዞውን አየ፣ ባርኮትን አየ፤ ባርኮት ሙዝ አቀረበለት። በመጨረሻ ኢስሃቅ የሳላዲንን ትከሻ ይዞ «ልጄ፣ ላሜራ የሚቆርጥ ሞልቷል፤ የገዛ ብየዳውን የሚቆርጥ ግን ዛሬ አየሁ። አያትህ ቢኖሩ ይኮሩብህ ነበር» አለው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ወለል በሌላት ቮልስ ሰሌዳውን ጣሪያዋ ላይ አስረው ወደ ጫሞ ወረዱ። እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለዋል፤ ከስራቸው አቧራው እንደ ወንዝ ይፈሳል። አዲሱ ማርሚታ «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» ሲል ሐይቁ ውስጥ አንድ ጉማሬ አንገቱን አውጥቶ «ዱም» ብሎ መለሰ። ባርኮት አዲስ የብረት እግር የተበየደለትን ሰሌዳ ለመትከል ጉድጓዱን ብቻውን ቆፈረ፤ ማንም ሳያዘው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ለቮልሷ ወለል እንዲሆን ከአሮጌ ጀልባ የነቀሉትን ጣውላ ሰጧቸው። እየተመለሱ ሳላዲን ለኢኽላስ ደወለላት፤ አንዱንም ሳይደብቅ ነገራት። እሷም፣ «ጣውላው ዓሣ ዓሣ ይሸታል?» አለች።

«በጣም።»

«እንኳን! ቮልሷ ድሮም እንደሱ ነው የምትሸተው።»

ጉማሬው እውነት ነው፤ የአያቱ የጨሰ ተረከዝም እውነት ነው። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኢስሃቅ የተናገረውን። ኢስሃቅ ምንም አላለም። የተቆረጠውን ብየዳ ቆሞ ሲያይ ቆየና የራሱን የቆዳ ጓንት አውልቆ በሳላዲን እጆች ላይ አጠለቀለት። ከዚያ ባርኮትን በክርኑ ገፋ አድርጎ የላሜራውን ሌላኛውን ጫፍ ያዘ።