አትድከሚ

እኔ መካኒክ ላፈቅር ወደ ጋራዥ አልሄድኩም። የሄድኩት የመኪናችን አየር እርጥብ ጨርቅ፣ እርጥብ ጨርቅ እየሸተተ አላስቀምጥ ስላለን ነው።

መኪናው የአባቴ ነበር። እሱ ሲሞት ቁልፉ ለእኔ ደረሰኝ፤ አስም ያለባትን እናቴን ሐኪም ቤት ማመላለሱም አብሮ ደረሰኝ። ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ብከፍተውም ይጮኻል እንጂ አይነፍስም። የፊት መስታወቱ ጉም ይለብሳል። የእማዬ ሳል ደግሞ መኪና ውስጥ ስትገባ ይብስባታል።

ጋራዡ ውስጥ እኔንና እማዬን የተቀበለንን መካኒክ ባልደረቦቹ «ቁጥቡ» ይሉታል። የሚቆጥበው ቃል ነው። ችግሩን ስዘረዝርለት አንዴም ሳያቋርጠኝ ሰማኝና «ፊልትሮው ነው» አለ። አለቀ።

ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለውን የዳሽቦርድ ኪስ ከፍቶ የአባቴን ኮተት አንድ በአንድ እያወጣ አስታቀፈኝ። የኪሱን ሁለት ጎኖች ወደ ውስጥ ጫን ሲያደርጋቸው ኪሱ ወደ ታች ተንጠለጠለ። ከኋላው ያለችውን ጠባብ ክዳን ከፍቶ ፊልትሮውን፣ የአየር ማጣሪያውን፣ ስቦ አወጣ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ማንም አልነካውም ነበር። ቅጠል፣ ፀጉር፣ የደረቀ ትንኝ፣ ጥቀርሻ የመሰለ አቧራ ጠግቧል።

«እማማ የሚተነፍሱት ይኼን ነበር» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ ግን ሊያሳፍረኝ አልነበረም። አዲሱን አንስቶ ጠርዙ ላይ ያለችውን ቀስት አሳየኝ። «ቀስቷ አየሩ የሚሄድበትን ነው የምታሳየው። ወደ ታች ትሁን።» ከዚያ ማራገቢያውን ከፍቶ መዳፉን ነፋሱ ፊት ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ። እጆቻችን ሳይነካኩ አንድ ነፋስ ተካፈሉ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ከኋላ ወንበር እማዬ እንኳን አልሳለችም።

«መቼ ልመለስ?» አልኩት።

«ዓመት ሲሞላው። አቧራ ከበዛ ቀደም ብሎ። ከሸተተሽ ደግሞ ያኔውኑ።»

እኔ የመጨረሻውን ያዝኩ።

ወር ሳይሞላ ሸተተኝና ተመለስኩ። ቁጥቡ ፊልትሮውን አወጣው፤ ነጭ ነው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ረዘም ላለ ጊዜ አሸተተው። ጉዴ ፈላ ብዬ ስጠብቅ፣

«እውነትሽን ነው» አለ። «ይሸታል።»

«ምን ምን ይሸታል?»

«እሱን ለማወቅ ሌላ ቀን ደግሜ ማየት አለብኝ።»

ያን ቀን ወደድኩት። እውነቱን እንኳን ቆጥቦ የሚናገር ሰው ለእኔ ሲል ውሸት አባከነ።

እንዲህ እየሸተተን ወቅቱ ተለወጠ። እማዬ ቁልፉን ሳነሳ ባየች ቁጥር ሳቋ ሳሏን ይቀሰቅስባት ጀመር። «ይኼ መኪና ጎማ ነው ያለው አፍንጫ?» ትለኛለች። እሷስ ወዳዋለች። ያልወደደው ጋሼ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ። አባታችን ከሞተ በኋላ አባትነቱን ጠቅልሎ የወሰደ፣ ለእኔም አንድ አስመጪ ጓደኛውን ያሰበልኝ።

«ለአንዲት ፊልትሮ ይህን ያህል ምልልስ ምንድነው? ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

«ሰው ምን አገባው?»

«እኔን ያገባኛል!»

ይህንኑ ለቁጥቡ ነገርኩት። «ጋሼ ወደዚህ መምጣቴን አልወደደውም» አልኩት። የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ አትቅሪብኝ እንዲለኝ።

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። ከዚያ «ግቢ፤ ዛሬ አንቺ ቀይሪው» አለኝ። ኪሱን ባዶ አደረግኩ፣ ጎኖቹን ጫንኩ፣ ክዳኗን ከፈትኩ፣ ቀስቷን ወደ ታች አድርጌ አስገባሁ። ጨርሼ ቀና ስል ፈገግ ብሎ ያየኛል።

«ቻልሽበት» አለ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ አትድከሚ።»

በእኛ ቤት «አትድከሚ» አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያላት። ጋሼን የማይፈልገውን ነገር ስለምነው፣ ጋዜጣውን ከፊቱ ሳያወርድ የሚለኝ ቃል ናት። በከንቱ አትልፊ፣ አይሆንም ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ጭራሽ እንዳልመለስበት ሥራውን አስተምሮ ያባርረኛል?

«እሺ» አልኩት። «አልደክምም።»

በሩን ወርውሬ ዘጋሁት።

እንዲያም ሆኖ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። አንድ እሁድ ጋሼ አዲስ ፊልትሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። «ከመንገድ ገዛሁልሽ፤ አሁን ራስሽ ትቀይሪ የለ?» አለ። ከጋሼ እጅ ስጦታ አግኝቼ ስለማላውቅ አቀፍኩት። ፊልትሮውን በገዛ እጄ አስገባሁት። አስመጪውን አግብቼ ከእናቴ ቤት የወጣሁትም በዚያው መኪና፣ ያንኑ አየር እየተነፈስኩ ነው።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን የምወቅሰው ሰው ባገኘሁ ነበር።

እማዬም ሞተች። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሰሞን መኪናው የእውነት ሸተተና አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ከባንኮኒው ኋላ ቁጥቡ ቆሟል። ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል፤ ጣቱ ላይ ቀለበት አለ። የመኪናውን ዓይነት ሳልነግረው ዞሮ ፊልትሮውን ከመደርደሪያው አወረደ።

«እማማ ደህና ናቸው?»

«አረፈች።»

«ነፍስ ይማር።» ፊልትሮውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «ያኔ ይዤልሽ የመጣሁት ልኩ ነበር?» አለ።

«የቱ?»

«ቤታችሁ ድረስ ይዤው የመጣሁት ፊልትሮ። እሁድ ነበር። በሩን ወንድምሽ ከፈተልኝ። እናታችሁን ላነጋግር ነው የመጣሁት ስለው፣ ፊልትሮውን ተቀበለኝና ‹ራሷ ትቀይራለች፤ አንተ አትድከም› አለኝ።»

ባንኮኒውን ያዝኩ።

«አንተ አይደለህ እንዴ አትድከሚ ብለህ ያባረርከኝ!»

«እኔ እመጣለሁ ማለቴ ነዋ!» አለ። «እኛ ቤት አትድከሚ የሚባለው የሚወዱት ሰው ነው። አባቴ እናቴን ባልዲ ስታነሳ ካያት አትድከሚ ብሎ ይቀማታል። አንቺ ግን በቁጣ ‹አልደክምም› አልሽኝ። ወንድምሽም ያችኑ ቃል ሲደግማት መክራችሁ የላካችሁብኝ መሰለኝ።»

በሕይወቱ ያን ያህል ቃል አንድ ላይ ያወጣ አይመስለኝም። እኔ እመጣለሁ፤ ሁለት ቃል ነበረች። ቆጥቦ ቆጥቦ ለማን ሊያወርሳት ነው? በእሱም በጋሼም ተናደድኩ፤ ከሁሉም በዚያች ፊልትሮ ተናደድኩ፤ እሱ ያመጣትን የጋሼ መስላኝ በሠርጌ ቀን ተነፈስኳት። ልጮኽበት አፌን ስከፍት እሱ ቀለበቴን እያየ ነበር። አፌን ዘጋሁ።

«ልቀይርልሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ፊልትሮውን ከባንኮኒው ላይ አነሳሁ። «አትድከም» አልኩት።

መንገድ ዳር መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ራሴ ቀየርኩት። ጎኖቹን ጫንኩ፣ ቀስቷን ወደ ታች አደረግኩ፣ ማራገቢያውን ከፍቼ ብቻዬን መዳፌን ዘረጋሁ። ነፋሱ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር። ቤቴ እስክደርስ መብራት ባስቆመኝ ቁጥር ጎንበስ እያልኩ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም።