የአራት ሰዓት ብርሃን

መካኒኩ በታክሲው ሥር በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ ናት፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከልብስ ፋብሪካ ስትመለስ። ታክሲውን ተሸክሞ የነበረው ክሪክ እስከ መጨረሻው ወርዷል። ሐኪሙ የጋራዡን ቆርቆሮ አማረረ። «ሙቀቱ ሰዓቱን አበላሽቶብኛል» አለ። «ረፋድ ላይም ሊሆን ይችላል፣ ከሰዓት በኋላም።»

ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» የሚሉት መርማሪ ሲደርስ የታክሲው ሾፌር ተይዞ ነበር። ጋራዡ መስኮት የለውም፤ የመብራት መስመርም እዚያ አልደረሰም። ግቢው መሐል በአሮጌ ቸርኬ ላይ የተተከለ የቁም ሳጥን መስታወት ቆሟል። ከጎኑ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሟቹ አባት ናቸው።

«አባባ፣ ይሄ መስታወት ምን ይሠራል?»

«መብራታችን ነዋ፣ ልጄ። ፀሐይዋን ተቀብሎ መኪናው ሥር ድረስ ይልካታል። እሷ ትሄዳለች፣ እኔ አዞራለሁ። ልጄ ከውስጥ ‹ወደ ግራ› ሲለኝ ወደ ግራ፣ ‹በቃ› ሲለኝ በቃ።»

«ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት አዞሩለት?»

ሽማግሌው ታናሽ ልጃቸውን አዩት። «እስከ ስምንት።»

ታናሽየው ከወንድሙ ጋር እዚያው ነው የሚሠራው። «ከጠዋት ጀምሮ አብሬው ነበርኩ» አለ። «ስምንት ሰዓት ላይ ዕቃ ልገዛ ስወጣ መኪናው ሥር ሆኖ እየሠራ ነበር። በር ላይ ይሄ ሾፌር ሲዝት አገኘሁት።»

«ዝቻለሁ» አለ ሾፌሩ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹ነገ ትወጣለች› እየተባልኩ ላመስግን እንዴ? ግን ገብቼ ሁለቴ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ‹ወጥቷል› ብዬ ሄድኩ። አሁን የገዛ መኪናዬን ሰው ላይ ጥዬ ምን ላተርፍ ነው? ልጆቼን ማን ሊያበላቸው ነው?»

መርማሪው የእጅ ባትሪ ይዞ ገባ። ክሪኩ አልተሰበረም፤ ማውረጃው ተፈትቶ ነው የወረደው። ማውረጃው የሚዞርበት ዘንግ ግን ግድግዳው ላይ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ፣ ሚስማሩ ላይ በሥርዓት ተሰቅሏል።

ሲወጣ ሚስትየውን ጠየቃት። «አንድ አምፖል እንኳ አልነበራችሁም?»

«በፀሐይ የሚሞላ ገዝቼለት ነበር። መለሰው። ‹ታዲያ አባባ ምን ሊሠራ ነው?› አለኝ።»

መርማሪው በር ላይ ወደቆመው ፖሊስ ዞረ። «ቀስ በሉ። መስታወቱን እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው።»

በማግሥቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። ከመስታወቱ የተመለሰው ብርሃን የጋራዡ በር ጠርዝ ላይ ነበር። ማንም ሳይነካው በቀስታ ወደ ውስጥ ገባ፤ ወለሉን ተሻግሮ፣ ሬሳው እንዲወጣ እንደገና ከፍ የተደረገው ታክሲ ሥር ደረሰ። አራት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ሲሆን ሟቹ ግማሹን ፈትቶ የተወው ቡሎን ላይ ዐረፈ።

«እንግዲህ እዩት» አለ መርማሪው። «መስታወቱ የቆመው ለአራት ሰዓት ፀሐይ ነው። እስከ ስምንት ዞሮ ቢሆን ኖሮ ብርሃኑ አሁን ሌላ ቦታ ነበር የሚወድቀው። ትናንት ከአራት ሰዓት ወዲህ ‹አዙር› ያለ ሰው የለም። ያለ ብርሃን ደግሞ እዚህ ሥር የሚሠራ የለም፤ ‹ጨለማ ነው› ብሎ እውነቱን የነገረኝ ሾፌሩ ብቻ ነው። መካኒኩ የሞተው አራት ሰዓት ላይ ነው።»

መርማሪው ወደ ታናሽየው ዞረ።

«ክሪኩን ያወረደውም ቆሞ የነበረ ሰው ነው፤ የሞተ ሰው ዘንግ አይሰቅልም። አባባ መቆም አይችሉም። ሚስቱ ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ፋብሪካ ነበረች፤ አለቃዋን ጠይቄያለሁ። ከጠዋት እስከ ስምንት እዚህ ነበርኩ ያልከው አንተ ነህ።»

ታናሽየው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ላስደነግጠው ብዬ ነው» አለ። «መብራት ያለበት ቦታ ሄደን ብየዳ እንጀምር አልኩት። እዛው እንደተኛ ሳቀብኝ። ‹አባባን ሥራ ፈት ልናደርገው?› አለኝ። ትንሽ ነው ያዞርኩት። እመኑኝ፣ ትንሽ።»

ሚስትየው ወደ አማቷ ዞረች። «ክሪኩ ሲወርድ ሰምተው ነበር?»

«ሰምቻለሁ። ‹ወደ ግራ› ይለኛል ብዬ መስታወቱን እንደያዝኩ ጠበቅሁ። ተነሥቼ አልሄድ ነገር። ከዚያ ይሄኛው መጥቶ እግሬ ላይ ተደፋ።» ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ። «የቀረኝ እሱ ነው። በገዛ አፌ ልስጠው?»

መርማሪው ፖሊሱን በእጁ ጠራው።

ታናሽየው በካቴና ታሰረ። ፀሐይዋ በርትታ ስለነበር መርማሪውና ፖሊሱ ሽማግሌውን ወደ ቤት ሊያስገቧቸው በብብታቸው ያዟቸው። ሽማግሌው በሕመም አቃሰቱ።

«እንደዛ አይደለም» አለ ታናሽየው። «ወገቡን ያመዋል። ፍቱኝና እኔ ላስገባው።»

መርማሪው ካመነታ በኋላ ፈታው። ታናሽየው ጎንበስ ብሎ አባቱን አቀፋቸው፤ እሳቸውም አንገቱን ይዘው ተነሡ። ሚስትየው ሳታያቸው በሩን ከፈተችላቸው።

ብዙ አልቆየም። ወጥቶ ማንም ሳይጠራው ፖሊሱ ፊት ቆመና እጆቹን ዘረጋ።

«ሲተኛ ትራሱን ከፍ አድርጊለት» አላት፤ «አለዚያ አይተነፍስም።»

ሚስትየው በሩን እንደያዘች ቆማ ቀረች።